መንገድ የሚመራ በትር



ሰው ከቤቱ ወጥቶ ወደሚሻው ስፍራ በገዛ እግሩ ለመሄድ መቻሉ ታላቅ ሀብት ነው። ነገር ግን ዓይናችን የሚያይ ሰዎች ይህን እንደ ሀብት አንቈጥረውም። ጠዋት ተነሥተን፥ ደብተራችንን ይዘን፥ ቦዩን ዘልለን፥ ከቆመው መኪና ዞር ብለን ከትምህርት ቤት እንደርሳለን፤ በመንገዳችን ላይ ምን ምን እንዳለፍን ግን አንድ ጊዜ እንኳ አናስብም። በዘንድሮው መጽሔታችን ለመጻፍ የፈለግሁት ይህን ሀብት ስላጡ ሰዎች፥ እንዲሁም ሳይንስ ሀብቱን ለመመለስ ስላወጣቸው የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያዎች ነው። መሣሪያዎቹ በምን ዘዴ እንደሚሠሩ፥ ምን እንደሚችሉና ምን እንደማይችሉ በተቻለኝ መጠን እገልጻለሁ።

ለዚህ ጽሑፍ ምክንያት የሆኑኝ አያቴ ናቸው። የዓይናቸው ብርሃን ከጠፋ እነሆ 11 ዓመት ሆነ። ሐኪሞች መርምረው፥ ግላኮማ የተባለው ሕመም ከዓይን ወደ አንጎል የሚሄደውን ነርቭ ስለ ጎዳው የጠፋው ብርሃን ሊመለስ እንደማይችል ነግረውናል። ያን ጊዜ እኔ የ7 ዓመት ልጅ ነበርሁ። ከዚያ ወዲህ የበትራቸውን አንዱን ጫፍ እኔ፥ ሌላውን ጫፍ እሳቸው እየያዝን ወደ ገበያ፥ ወደ ለቅሶ፥ ወደ ዕድርና ወደ ቡናው ማሳ እንሄድ ነበር። እኔ ሰባተኛ ክፍል ስደርስ በትሩን ታናሽ እኅቴ ተረከበችኝ። እርስዋ ዛሬ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ናት። በዚህ ዓመት መጀመሪያ ላይ በገበያ ቀን ከትምህርት የምትቀርበት ጊዜ መብዛቱን መምህሯ ለእናታችን አስታወቁ። እኔም የ12ኛ ክፍል ተማሪ ስለ ሆንሁ ፈተናዬን ተፈትኜ ከኖፓ የምወጣበት ጊዜ ቀርቧል። እንግዲህ እኔ ከሄድሁና እኅቴም ትምህርቷን ከተከታተለች በትሩን ማን ይይዛል? ይህ ጥያቄ በቤታችን ውስጥ በግልጥ ባይነገርም ሁላችንም እናስበው ነበር።

አያቴም ሳያስቡበት አልቀሩም። ባለፈው ጥቅምት ወር አንድ ቀን «የልጅቱን ትምህርት አላስተጓጉልም» ብለው ለማንም ሳይናገሩ ብቻቸውን ወጡ። ቦዩን በበትራቸው እየዳሰሱ በደኅና ተሻገሩ። ነገር ግን በመንገዱ ዳር ቆሞ ከነበረው የጭነት አይሱዙ ኋላ ጣውላ ወጥቶ ኖሮ ግንባራቸውን መታቸው። ደማቸውን እየጠረግሁ ሳለሁ «አባባ፥ በትርዎ አልነካውም ነበርን?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እሳቸውም «ልጄ፥ በትሩ ስለ እግሬ ነግሮኝ ነበር፤ ስለ ራሴ ግን አልነገረኝም» አሉኝ።

ይህን ቃል ደጋግሜ ሳስብ የነገሩ ፍሬ በውስጡ እንዳለ አስተዋልሁ። በትር የሚያውቀው ጫፉ የደረሰበትን ብቻ ነው። ድንጋይ፥ ጉድጓድ፥ ደረጃና ጭቃ ከመሬት ላይ ስለሚገኙ ያገኛቸዋል። ከወገብ በላይ ያለውን፥ ማለት የተዘረጋ ቅርንጫፍን፥ ዝቅ ያለ የቆርቆሮ ጣሪያ ክፈፍን፥ ከመኪና የወጣ ጣውላን ግን በትር ከሥሩ አልፎት ይሄዳል፤ የሚያገኘውም የሰውየው ፊት ነው። የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው ለዚህ ክፍት ቦታ ነው።

ወደ መሣሪያዎቹ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ማሳሰብ ይገባኛል። እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 በመላው ኢትዮጵያ በተደረገው የዓይን ጤና ጥናት ከ1000 ሰዎች 16ቱ ዓይነ ስውራን ሆነው ተገኝተዋል። ከእነዚህም ግማሽ ያህሉን ለዓይነ ስውርነት ያበቃቸው የዓይን ሞራ ግርዶሽ ነው። ግርዶሽ ደግሞ በቀዶ ሕክምና የሚነሣ ነው። ስለዚህ በቤታችሁ ወይም በጎረቤታችሁ የዓይኑ ብርሃን የደከመ ሰው ቢኖር አስቀድሞ የዓይን ሐኪም ይየው፤ በትርና መሣሪያ የሚፈለገው ከዚያ በኋላ ነው።

ዓይነ ስውራን በትር መያዝ የጀመሩት ከጥንት ነው። በትሩ ነጭ እንዲሆን ያደረገው ግን በእንግሊዝ አገር በብሪስቶል ከተማ የነበረ ጄምስ ቢግስ የተባለ ፎቶግራፍ አንሺ ነው። ይህ ሰው በአደጋ ዓይኑን ካጣ በኋላ የመኪናው ብዛት ስላሳሰበው፥ ነጂዎች ከሩቅ እንዲያዩት ብሎ እ.ኤ.አ. በ1921 በትሩን ነጭ ቀለም ቀባው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ ሪቻርድ ሁቨር የተባለ አሜሪካዊ በጦርነት ዓይናቸውን ላጡ ወታደሮች አዲስ የአያያዝ ዘዴ አስተማረ። በትሩ እንደ ምርኩዝ የሚደገፉበት አጭር ዘንግ መሆኑ ቀርቶ፥ ከመሬት እስከ ደረት የሚደርስ ረጅምና ቀላል ሆነ። ሰውየው እየተራመደ የበትሩን ጫፍ ከትከሻው ስፋት ጥቂት አሳልፎ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያወዛውዛል፤ ግራ እግሩ ሲራመድ የበትሩ ጫፍ በቀኝ፥ ቀኝ እግሩ ሲራመድ በግራ መሬት ይነካል። በዚህም ዘዴ እያንዳንዱ እግር የሚያርፍበት ስፍራ አስቀድሞ ይመረመራል። ይህ ዘዴ እስከ ዛሬ በመላው ዓለም የሚሠራበት ነው።

የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያዎችን ዘዴ ለመረዳት ግን ከበትር ይልቅ የሌሊት ወፍን መመልከት ይሻላል። በኖፓ ሲመሽ የሌሊት ወፎች በቡናው ጥላ ዛፎች መካከል አንዲት ቅጠል ሳይነኩ ሲበርሩ ሁላችንም አይተናል። ጣሊያናዊው ሊቅ ላዛሮ ስፓላንዛኒ እ.ኤ.አ. በ1793 የሌሊት ወፍ ዓይኗ ባያይም እንቅፋትን እየሸሸች እንደምትበርር ተመለከተ። ቀጥሎም በተደረገው ምርመራ ጆሮዋ ሲደፈን ከእንቅፋት ጋር እንደምትጋጭ ታወቀ። ምክንያቱ ግን ከ140 ዓመት በላይ ምሥጢር ሆኖ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1938 አሜሪካዊው ዶናልድ ግሪፊን ከባልደረባው ጋር በልዩ መሣሪያ ቢያዳምጥ፥ የሌሊት ወፍ የሰው ጆሮ የማይሰማውን ቀጭን ድምፅ እንደምታወጣ አገኘ። ወፊቱ ድምፅ ታወጣለች፤ ድምፁ ከዛፉ ጋር ተጋጭቶ ይመለሳል፤ የሚመለሰውንም የገደል ማሚቶ ሰምታ የዛፉን ርቀት ትለያለች።

ይህ ስጦታ ለሰውም ፈጽሞ የተነፈገ አይደለም። አያቴ በጎረቤታችን የቆርቆሮ አጥር አጠገብ ሲያልፉ ሳይነኩት «አጥሩ እዚህ ነው» ይላሉ። እንዴት እንዳወቁት ሲጠየቁ «ፊቴን ይከብደኛል» ብለው ይመልሳሉ። ብዙ ዓይነ ስውራን እንደዚሁ በፊታቸው ቆዳ የሚያውቁት ይመስላቸው ነበር። በአሜሪካ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ1944 የታተመው ምርምር ግን የሚሠራው ፊት ሳይሆን ጆሮ መሆኑን አስረዳ። ጆሮአቸው ሲደፈን ዓይነ ስውራኑ ግድግዳውን ለማወቅ አልቻሉም፤ ፊታቸው ተሸፍኖ ጆሮአቸው ክፍት ሲሆን ግን አወቁት።

ከዚህ በኋላ መሐንዲሶች የሌሊት ወፍን ዘዴ ወደ መሣሪያ ለመለወጥ ተነሡ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሌስሊ ኬይ የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ እንደ እጅ ባትሪ የሚያዝ፥ በብርሃን ፈንታ ድምፅ የሚልክ መሣሪያ ሠራ፤ ባለቤቱም የተመለሰውን ማሚቶ ወደሚሰማ ድምፅ ተለውጦ በጆሮው ያደምጠው ነበር። በ1970ዎቹ ደግሞ በአሜሪካ የሌዘር በትር ወጣ። ይህ በትር ሦስት የብርሃን ጨረሮች ይልካል፤ አንዱ ወደ ላይ ለራስ፥ አንዱ ወደ ፊት ለደረት፥ አንዱም ወደ ታች ለጉድጓድ። በዘመናችን ካሉት መካከል በህንድ አገር በዴልሂ የቴክኖሎጂ ተቋም የተሠራው ስማርትኬን ሊጠቀስ ይገባዋል። ይህ በተማሪዎች የትምህርት ሥራ የተጀመረ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2014 ለሽያጭ ቀረበ። በተራ ነጭ በትር እጀታ ላይ ይገጠምና እስከ 3 ሜትር ርቀት ያለውን፥ ከጉልበት እስከ ራስ የሚደርሰውን እንቅፋት እጅን በማንዘር ያስታውቃል። በወጣበት ጊዜ ዋጋው 3000 የህንድ ሩፒ ያህል ነበር፤ የታሰበውም ለድሆች እንዲዳረስ ነው። በቱርክ አገር የተሠራው ዊዎክ የተባለው በትርም ከስልክ ጋር ተያይዞ መንገዱን በቃል ይናገራል፤ ከመሥራቾቹ አንዱ ኩርሻት ጄይላን ራሱ ዓይነ ስውር ነው። ይሁን እንጂ መንገድን በስምና በቁጥር ሳይሆን «ከእገሌ ቤት በታች፥ ከዋርካው በላይ» እያልን ለምንጠራ ለእኛ፥ የስልክ ካርታ ብቻውን ብዙ አይረዳም።

አሁን ደግሞ የድምፁን መሣሪያ አሠራር በቁጥር እንመልከት። የሰው ጆሮ የሚሰማው በአንድ ሰከንድ ውስጥ ከ20 እስከ 20,000 ጊዜ የሚንቀጠቀጥን ድምፅ ነው። በትምህርት ቤት ሙከራ የታወቀው ትንሹ ሴንሰር የሚልከው ግን በሰከንድ 40,000 ጊዜ የሚንቀጠቀጥ ስለ ሆነ አንሰማውም፤ ይህም አልትራሳውንድ ይባላል። ድምፅ በአየር ውስጥ በ20 ዲግሪ ሙቀት በሰከንድ 343 ሜትር ይጓዛል። እንቅፋቱ በ1 ሜትር ርቀት ላይ ቢሆን ድምፁ ሄዶ ለመመለስ 2 ሜትር መጓዝ አለበት፤ ለዚህም የሚፈጀው ጊዜ አንድ ሰከንድ ለ1000 ቢከፈል 6 እጁ ያህል ነው። መሣሪያው ይህን ጊዜ ለክቶ በድምፅ ፍጥነት ያበዛዋል፤ ለሁለትም ያካፍለዋል፤ ርቀቱም ይታወቃል። በዝግታ የሚራመድ ሰው በአንድ ሰከንድ 1 ሜትር ያህል ይሄዳል ብንል፥ እንቅፋቱ 2 ሜትር ሲቀረው የተነገረው ሰው ለመቆም 2 ሰከንድ ያገኛል። ይህም ለአያቴ ግንባር በቂ ጊዜ ነው።

በዚህ ተስፋ ከሳይንስ ክበብ ጓደኞቼ ጋር ሆነን፥ በፊዚክስ መምህራችን ምክር አንድ መሣሪያ ለመሥራት ተነሣን። መምህራችን አዲስ አበባ ሲሄዱ ሴንሰሩንና አርዱዪኖ የምትባለውን፥ መዳፍ የማትሞላ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ገዝተው አመጡልን። የቀረውን ከተበላሹ ስልኮችና ከአሮጌ ሬዲዮ አገኘን። ከሦስት ሳምንት በኋላ መሣሪያው በክፍላችን ውስጥ ግድግዳውን፥ ጥቁር ሰሌዳውንና በሩን ሳይሳሳት ለየ። እኛም ሥራው ያለቀ መስሎን በደስታ ወደ አያቴ ወሰድነው።

አያቴ ግን በአንድ ከሰዓት በኋላ አራት ጉድለት አገኙበት። መጀመሪያ ያስቀየማቸው ጩኸቱ ነው። መሣሪያው እንቅፋት ባየ ቍጥር እንዲጮህ አድርገነው ነበር። እሳቸውም «ልጆቼ፥ እኔ የማየው በጆሮዬ ነው፤ ይህ ነገር ጆሮዬን ወሰደብኝ፤ ባጃጁ ሲመጣ አልሰማሁትም» አሉን። የኮርኔሉን ምርምር አንብቤ ሳለሁ ይህን አለማሰቤ አሳፈረኝ። ስለዚህ ጩኸቱን አስቀርተን ከአሮጌ ስልክ ያወጣናትን የምትነዝር ትንሽ ሞተር በእጃቸው አንጓ ላይ አሰርን፤ እንቅፋቱ ሲቀርብ ንዝረቱ ይፈጥናል።

ሁለተኛው ጉድለት የልብሱ ነበረ። ቆርቆሮና ግድግዳ ድምፅን አጥርተው ይመልሳሉ፤ ጋቢ ግን ለስላሳ ስለ ሆነ ድምፁን ይውጠዋል። ስለዚህ ጋቢ የለበሰን ሰው መሣሪያው የሚያውቀው በጣም ሲቀርብ ነበር። እንዲያውም የአያቴ የራሳቸው ጋቢ ሴንሰሩን ስለ ሸፈነው ያለማቋረጥ ሲነዝር ቆየ፤ ሁላችንም ሳቅን፤ ከዚያም ከጋቢው በላይ በጠፍር ደረታቸው ላይ አሰርነው። ሦስተኛው የዝናቡ ነው። በኢሉባቦር ዝናብ የማይወርድበት ወር ጥቂት ነው፤ የሴንሰሩ ፊት ደግሞ ድምፅ ማሳለፍ ስላለበት ጨርሶ ሊከደን አይችልም። ውኃ ሲገባበት ይሳሳታል። ለዚህ እስከ ዛሬ መድኃኒት አላገኘንለትም፤ ሲዘንብ መሣሪያው ቤት ይውላል።

አራተኛውና ከባዱ የቦዩ ነበረ። ወደ ፊት የሚያይ መሣሪያ ባዶ ቦታን እንቅፋት ነው አይልም፤ ጉድጓድ ደግሞ ባዶ ቦታ ነው። እንደ ሌዘሩ በትር ወደ ታች የሚያይ ሁለተኛ ሴንሰር ጨመርን። መሬቱ በድንገት ከራቀ ይነዝራል። በሲሚንቶ ወለል ላይ በደኅና ሠራ። በጭቃው መንገድ ላይ ግን የመኪና ጎማ ያወጣውን ቦይ ሁሉ ገደል እያለ አያቴን አላራምድ አላቸው። «ሁልጊዜ የሚጮህ ውሻ ሌባ ሲመጣም አይሰማም» ብለው አስወጡት። እውነታቸውን ነው፤ ያለ ምክንያት ደጋግሞ የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ ከማያስጠነቅቅ አይሻልም።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የተማርነው፥ የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ በትርን ሊተካ እንደማይችል፥ የበትርን ጉድለት ግን ሊሞላ እንደሚችል ነው። ለአያቴ ከሁሉ የበለጠ የጠቀማቸው አጭሩን ምርኩዝ ትተው፥ ከቀርከሃ የሠራንላቸውን እስከ ደረታቸው የሚደርስ ነጭ በትር እንደ ሁቨር ዘዴ መያዝን መልመዳቸው ነው። ልምምዱ ሁለት ወር ፈጀ። በትሩ ለእግራቸው፥ መሣሪያው ለራሳቸው ይነግራቸዋል። ዛሬ ዝናብ በሌለበት ቀን ወደ ዕድሩ ቤትና ወደ ወዳጆቻቸው ቤት ብቻቸውን ሄደው ይመለሳሉ። ወደ ገበያ ግን ከብቱ፥ ሸክሙና ግፊያው ስለሚበዛ አሁንም መሪ ያስፈልጋቸዋል፤ ከመካከላችን ሥራ የሌለበት ትልቅ ሰው ይሄዳል እንጂ እኅቴ አትሄድም። ከጥር ወር ወዲህ አንድ ቀን እንኳ ከትምህርት ቤት አልቀረችም።

ዓይነ ስውር ሰው መንገዱ ከተከፈተለት የት ሊደርስ እንደሚችል በአገራችን ምስክር አለ። በሰበታ የሚገኘው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት «መርሐ ዕውራን» መባሉ ትርጕም አለው፤ የዕውራን መሪ ማለት ነውና። በወሎ ተወልደው በ5 ዓመታቸው ዓይናቸውን ያጡት የሕግ ባለሙያዋ ወይዘሮ የትነበርሽ ንጉሤ ስለ አካል ጉዳተኞች መብት በሠሩት ሥራ እ.ኤ.አ. በ2017 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። ኢትዮጵያም በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት በአንቀጽ 20 መንቀሳቀሻ መሣሪያዎች በሚቻል ዋጋ እንዲገኙ መንግሥታትን ያሳስባል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ደግሞ የሕዝብ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች እንዲመቹ አዝዞ ነበር።

ነገር ግን አዋጁም መሣሪያውም ጣውላውን ከመንገድ አያነሡትም። ይህ የእኛ ሥራ ነው። ስለዚህ ጽሑፌን ከመፈጸሜ በፊት ሦስት ነገር እለምናለሁ። ወላጆች ሆይ፥ የመሪነቱን በትር ለልጅ ስታስይዙ በዚያው ሰዓት ከልጁ እጅ ደብተር እንደምታወርዱ አስቡ። በመንገድ ዳር የምትሠሩና የምትነግዱ ሁሉ፥ ጭነታችሁን ሰው በሚያልፍበት ላይ አታሳልፉ፤ የተከፈተ ቦይ ካለ ክደኑት። እናንተም ጓደኞቼ፥ ዓይነ ስውር ሰው መንገድ ላይ ስታገኙ ሳትጠይቁ እጁን ይዛችሁ አትጐትቱ፤ «ልርዳዎትን?» በሉና ክንዳችሁን ስጡ፤ እርሱ ይያዛችሁ እንጂ እናንተ አትያዙት።

እኔ በመጪው ዓመት በዚህ ትምህርት ቤት አልኖርም። መሣሪያው ግን በሳይንስ ክበባችን መደርደሪያ ላይ ሥዕሉና አሠራሩ ተጽፎ ተቀምጧል። ዝናብ የማያስቸግረው፥ ቦዩንም የሚለይ አድርጎ ለማሻሻል የሚሻ ተማሪ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ሊጀምረው ይችላል። ምክሬ አንድ ብቻ ነው፤ ሥራው አለቀ ከማለታችሁ በፊት ወደ አያቴ ውሰዱት። እሳቸው ፈታኝ ሆነው ለመቀመጥ ፈቅደዋል፤ ማርካቸውም እንደ መምህሮቻችን ጥብቅ መሆኑን ከወዲሁ አስታውቃችኋለሁ።